«እማዬ፣ አንቺ ስታዪኝ እወድቃለሁ»

የጠያቂያችን ደብዳቤ

«ጤና ይስጥልኝ። የ10 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ጂምናስቲክ ከጀመረች ሦስት ዓመት ሆናት። መጀመሪያ አካባቢ አድርሻት ግድግዳ ተደግፌ ነበር የምጠብቃት። አንድ ቀን አሰልጣኟ ትልቁን ፍራሽ ብቻዋን ስትታገል አየሁና ተነሥቼ አገዝኳት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ቁጭ ብዬ አላውቅም። ፍራሽ መደርደሩ፣ ስም መመዝገቡ፣ መዋጮ መሰብሰቡ፣ በወላጆች ግሩፕ ላይ መልእክት ማስተላለፉ ሁሉ የኔ ሆነ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ይለኛል። ሥራ ካቆምኩ ወዲህ ሰው ስሜን ጠርቶ የሚፈልገኝ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ብቻ ነው።

አሁን ክለቡ በሚቀጥሉት 3 ወራት አራት ነገር አቅዷል፦ የደረጃ ፈተና፣ ከሌሎች ክለቦች ጋር ውድድር፣ ለወላጆች የሚቀርብ ትርኢት፣ ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ የ5 ቀን ስልጠና። አሰልጣኟ «ያላንቺ አይሆንም» ብላ አራቱንም እንዳስተባብር ጠየቀችኝ። እሺም እምቢም ሳልል ዝም ብያለሁ። በዚህ መሀል ልጄ ባለፈው ሳምንት ቢም በሚባለው ጠባብ አግዳሚ ላይ ካርትዊል (በእጅ ተደግፎ ወደ ጎን መገልበጥ) ስትሞክር ሦስቴ ወደቀች። ወደ ቤት ስንመለስ «እማዬ፣ አንቺ ስታዪኝ እወድቃለሁ» አለችኝ። ልቤ ስንጥቅ አለ። በዚያ ላይ አንዳንድ ወላጆች «ልጅቷ ለውድድር የተመረጠችው እናቷ ስለምታገለግል ነው» ማለታቸውን ሰማሁ። ባለቤቴ ደግሞ «ምን አስጨነቀሽ፣ ተዪው» ይለኛል። ብተወው አሰልጣኟን ሜዳ ላይ መጣል ይሆንብኛል። ባልተወው ልጄን የማጣት ይመስለኛል። ምን ይሻለኛል?

ግራ የገባኝ እናት»

መልስ

ውድ እህታችን፣

ከልጅዎ አፍ ከወጣችው ቃል እንጀምር፤ ሌላው ሁሉ ከእሷ በኋላ ይመጣል። ልጅዎ «አትምጪ» አላለችም። «ክለቡን ተዪው»ም አላለችም። ያለችው «ስታዪኝ» ነው። ለ10 ዓመት ልጅ ይህን ለይቶ መናገር ከባድ ነው፤ ደግሞም የነገረችው ለሌላ ሰው ሳይሆን ለእርስዎ ለራስዎ ነው። ብትፈራዎት ኖሮ የልምምድ ቀን በደረሰ ቁጥር ሆዴን አመመኝ ትል ነበር። ልጅዎን አላጧትም፤ እያወራችዎት ነው።

ነገሩ የስሜት ጉዳይ ብቻም አይደለም። ቢም ላይ ምን እንደሚሆን ቀረብ ብለን እንየው። የውድድር ቢም ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ከፍታው 125 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ወርዱ ግን 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ የአንድ አዋቂ መዳፍ ያህል። ካርትዊል ስትሠራ ልጅቷ አንድ እግሯን አስቀድማ ትዘረጋለች፤ ከዚያ ሁለት እጆቿን አንዱን ከአንዱ አስከትላ በአንድ መስመር ቢሙ ላይ ታሳርፋለች፤ እግሮቿ በራሷ ላይ ያልፉና መጀመሪያ የሚወርደው እግር ያንኑ 10 ሴንቲ ሜትር ፈልጎ ማግኘት አለበት። አሰልጣኞች «ዓይንሽን ከቢሙ አታንሺ» እያሉ የሚወተውቱት ለዚህ ነው። ዓይን ወደ ጎን ሲሰረቅ ጭንቅላት ይከተለዋል፤ ጭንቅላት ከዞረ ትከሻም ይዞራል፤ ትከሻ ሲዞር ሁለተኛው እጅ ከመስመሩ በሁለት ጣት ያህል ፈቀቅ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ዳሌዋን ወደ መስመሩ የሚመልሰው ነገር የለም። እርስዎ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ከቢሙ አጠገብ ፍራሽ እያስተካከሉ መቆምዎ ብቻ ያቺን አንዲት የዓይን ስርቆት ሊያመጣት ይችላል። ልጅ ደግሞ የእናቷን ፊት ከማንም ቀድማ ታነባለች። እርስዎ ትንፋሽዎን ሲውጡ እሷም ትውጣለች።

ይህ ማለት ግን የመውደቋ ምክንያት የግድ እርስዎ ነዎት ማለት አይደለም። ጥቂት ነገር እንጠይቅዎ፦ ካርትዊሉን በቅርቡ ነው ከዝቅተኛው ቢም ወደ ከፍተኛው ያሸጋገሩት? ከዚህ በፊት እዚያው ላይ ክፉኛ ወድቃ ታውቃለች? ሰሞኑን ቁመቷ ሽቅብ መዝለል ጀምሯል? በዚህ ዕድሜ እግር ቶሎ ሲረዝም ትናንት ልክ የነበረው እንቅስቃሴ ዛሬ ሰዓቱን ይስታል፤ ልጅቷ የከዳት ገላዋ መሆኑን አታውቅም፤ ስለዚህ ዓይኗ ያረፈበትን ሰው ምክንያት ታደርጋለች። የወደቀችው በልምምዱ ማብቂያ ላይ ከሆነም ድካም ሊሆን ይችላል። ለመለየት የሚረዳዎት ቀላል መንገድ አለ። ለሁለት ሳምንት በልምምድ ሰዓት ከአዳራሹ ይውጡና አሰልጣኟን «እኔ በሌለሁበት ቢም ላይ እንዴት ነች?» ብለው ይጠይቋት። መውደቋ ከቀረ መልሱን አገኙ ማለት ነው። ካልቀረ ደግሞ አሰልጣኟ ወደ ዝቅተኛው ቢም መልሳት፣ ከሥር ፍራሽ ጨምራ፣ እንደገና ከፍ እያደረገች ታሳልፋታለች። ይህ በጂምናስቲክ የተለመደ አሠራር ነው፤ እንደ ውርደት እንዳይቆጠር ለልጅዎ አስቀድመው ይንገሯት።

ልጅዎን ሲያናግሯት «አገልግሎቱን ልተወው ወይ?» ብለው ባይጠይቋት ይሻላል። ጥያቄው የእናቷን ደስታ በእጇ ላይ ያስቀምጥባታል፤ «አዎ» ብትል ትበድልዎታለች፣ «አይ» ብትል ራሷን ትበድላለች። ፊት ለፊት አስቀምጠው ሳይሆን ጎን ለጎን እየሄዱ፣ ወይም እጅዎ ሌላ ነገር እየሠራ፣ እንዲህ ይበሏት፦ «የነገርሽኝን ሳስብበት ነበር፤ ስለነገርሽኝ ደስ ብሎኛል። ልምምድ ስትሠሪ የት ብሆን ይቀልሻል? ከበር ውጪ? መመዝገቢያው ጠረጴዛ ጋር፣ ጀርባዬን ሰጥቼ? ወይስ አድርሼሽ ልሂድና ስትጨርሺ ልምጣ?» ሦስት ግልጽ ምርጫ ለልጅ ይቀላል። የመረጠችውን ሳይከራከሩ ይቀበሏት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሐሳቧን ልትለውጥ እንደምትችልም አክለው ይንገሯት።

አሁን ወደ ሐሜቱ። ያማል፤ በተለይ ለሦስት ዓመት ፍራሽ ለተሸከመ ሰው። እያንዳንዷን ወላጅ እየያዙ ማስረዳት ግን አያዋጣም፤ ማስረዳት በጀመሩ ቁጥር ወሬው ይሰፋል። የሚያዋጣው ጥርጣሬው የሚበቅልበትን መሬት ማሳጣት ነው። ልጅዎን የሚነካ ውሳኔ ሁሉ ከእጅዎ ይውጣ፦ ማን ለውድድር እንደሚመረጥ፣ ማን በየትኛው ቡድን እንደሚመደብ፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚወጡ፣ የደረጃ ፈተናው ወረቀት፣ የእሷ ምድብ የነጥብ መዝገብ። ቅደም ተከተሉ በዕጣ ይውጣ፤ ዕጣውንም ሌላ ወላጅ ያውጣው። ከዚያ አሰልጣኟ፣ እርስዎ ሳይሆኑ አሰልጣኟ፣ በወላጆች ግሩፕ ላይ ሁለት መስመር ትጻፍ፦ «የተወዳዳሪዎች ምርጫ የአሰልጣኞች ብቻ ነው። የሚያገለግሉ ወላጆች በራሳቸው ልጅ ምድብ ላይ አይሠሩም።» ይህ ደንብ ለእርስዎ ብቻ የወጣ አይምሰል፤ ለሁሉም የሚሠራ ይሁን። ሐሜቱ ባይጠፋ እንኳ መቆሚያ ያጣል።

አሁን ዋናው። አራቱን ሥራ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ መጫን ለእርስዎም ለክለቡም አይበጅም። ሁሉ ነገር በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ሲሆን፣ ያ ሰው አንድ ቀን ጉንፋን ቢይዘው የሙዚቃው ፋይል የት እንዳለ የሚያውቅ ይጠፋል። ምክራችን አንዱን መርጠው እንዲይዙ ነው፤ እሱም ውድድሩ ቢሆን ጥሩ ነው። ምክንያታችን ይህ ነው፦ የ5 ቀኑ ስልጠና ላይ ልጅዎ ከጠዋት ጀምሮ አለች፤ አምስት ቀን ሙሉ ዓይንዎ ላይ ትሆናለች። የደረጃ ፈተናው በዳኝነት የሚታይ ስለሆነ ለሐሜት የተመቸ ነው፤ ከናካቴው አይግቡበት። ትርኢቱ ቀላል ነው፤ ነጥብ የለበትም፣ ልጆቹ የሚወዱትን ያሳያሉ፣ ስለዚህ ልምድ የሌለው ወላጅ እንዲማርበት ይተዉት። ውድድሩ ግን የእርስዎን ዓይነት ሥራ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል፤ ደግሞም የአንድ ቀን ነው፤ ከሁሉ በላይ በክፍለ ጊዜ የሚከፋፈል ነው። ልጅዎ በምትወዳደርበት ክፍለ ጊዜ እርስዎ ተመልካች መቀመጫ ላይ እናት ሆነው ይቀመጡ፤ ትናንሾቹ ወይም ትልልቆቹ በሚወዳደሩበት ክፍለ ጊዜ አስተባባሪ ይሁኑ። ሁለቱን በሰዓት ይለያዩዋቸው። ውድድሩ አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ከሆነ፣ የዋዜማውን ድርደራና የማግስቱን ማንሣት ይያዙና በውድድሩ ሰዓት መዝገቡን ለሌላ ያስረክቡ።

የውድድር ቀን ስንት ሰው እንደሚፈልግ ወላጆች ብዙ ጊዜ አያውቁም፤ ስለማያውቁ ነው የማይመጡት። አብረን እንቁጠር። በአንድ ክፍለ ጊዜ 40 ልጆች አሉ እንበል። የሴቶች ውድድር አራት መሣሪያ አለው፦ ዝላይ፣ ከፍና ዝቅ ያሉት ባሮች፣ ቢም እና ወለል። ስለዚህ 10 ልጆች ያሏቸው አራት ቡድኖች ይሆናሉ፤ በየመሣሪያው አንድ ቡድን ይሠራና ዙሩ ሲያልቅ ይቀያየራሉ። አንዲት ልጅ ወጥታ፣ ሠርታ፣ ዳኞች ነጥቧን ጽፈው እስኪጨርሱ ወደ 3 ደቂቃ ይያዝላት፤ ለ10 ልጅ 30 ደቂቃ ነው። መሣሪያው ላይ ለመሟሟቂያ 10 ደቂቃ ይጨመር። አንዱ ዙር 40 ደቂቃ፣ አራቱ ዙር 2 ሰዓት ከ40 ይሆናል። መግቢያ ሰልፉ 15፣ ሽልማቱ 30 ደቂቃ ቢወስድ ክፍለ ጊዜው 3 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ነው። ብዙ ክለብ የሚሳሳተው የሁለቱን ክፍለ ጊዜዎች ሰዓት አጠጋግቶ ሲያስቀምጥ ነው፤ የመጀመሪያው ሲንዛዛ ሁለተኛዎቹ ልጆች ተሟሙቀው ይቀዘቅዛሉ፣ ጡንቻቸው ይይዛቸዋል። በመሀል ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይተዉ።

ዙሩ ብዙ ጊዜ የሚጎተተው ቢም ላይ ነው። አንድ የቢም ሥራ እስከ 90 ሰከንድ ይፈጃል፤ የወደቀች ልጅ እንደገና ለመውጣት 10 ሰከንድ ይፈቀድላታል፤ ትንንሾቹ ደግሞ ይወድቃሉ። ዝላይ ግን ቢበዛ 25 ሜትር ሮጦ በሰከንዶች ያልቃል። ስለዚህ የዝላይ ቡድን ቀድሞ ጨርሶ መሬት ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ለዚያ ቡድን የምትመደበው አስከታይ (ቡድኑን ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ የምታጅበው ወላጅ) ልጆቹ ሹራባቸውን ለብሰው በእግራቸው እየተንቀሳቀሱ እንዲቆዩ፣ መጸዳጃ ቤት የሚሄዱትም በዚያች ሰዓት እንዲሄዱ ማድረግ ይኖርባታል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ቀጣዩ መሣሪያ ላይ ግን ልዩነቱ ይታያል።

ለእነዚያ 40 ልጆች የሚያስፈልገው ሰው ይኸው፦ መግቢያ ላይ ስም የሚያጣሩ 2፣ ከእያንዳንዱ ቡድን ጋር አንዳንድ አስከታይ 4፣ በየመሣሪያው ነጥብ መዝጋቢ 4፣ ወረቀት ከዳኛ ወደ ጠረጴዛ የሚያመላልሱ 2፣ ለቢም ሰዓት የምትይዝ 1፣ ወለል ላይ ከመስመር መውጣትን የሚያዩ 2፣ ሙዚቃ የሚያጫውት 1፣ ሽልማት የሚያዘጋጁ 2። ድምሩ 18 ነው። የመጀመሪያ እርዳታ ሰጪው ከዚህ ውጪ ነው፤ ሥልጠና ያለው ሰው ይሁን፣ ሌላ ሥራም አይሰጠው። ለድርደራና ለማንሣት ደግሞ ጉልበት ያላቸው 10 ሰዎች ለአንድ አንድ ሰዓት ይበቃሉ። ይህን ሲያዩት ነው «አስተባብሪ» የተባለው ቃል ስንት ሰው እንደያዘ የሚገባዎ።

ሰው ሲጠሩ «ማን ይረዳናል?» ብለው ግሩፕ ላይ አይለጥፉ። ሁሉም ሌላው ይመልሳል ብሎ ያልፈዋል። አንድ ሰው ይምረጡና ለብቻው ይጻፉለት፦ ሥራው ምን እንደሆነ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ምን ማወቅ እንደማያስፈልገው። «ቅዳሜ ለአንድ ሰዓት ፍራሽ መደርደር፤ ልምድ አያስፈልግም» የተባለ ሰው መልስ ይሰጣል። የተስማማ ሰው ደግሞ ግማሽ ገጽ ወረቀት ይሰጠው፦ የት ቆሞ፣ ምን ይዞ፣ ግራ ሲገባው ማንን ጠይቆ፣ መቼ ጨርሶ እንደሚሄድ። ይህ ወረቀት ለእርስዎም ነፃነት ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ሥራውን የሚያስረክቡበት ነውና። እርስዎን ካሙት ወላጆች መካከል አንዷን ነጥብ መዝጋቢ እንድትሆን ቢጠይቋትስ? ግዴታ የለብዎትም፤ ልብዎ ከፈቀደ ግን ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ ሰው ነጥብ እንዴት እንደሚወጣ በዓይኑ ያያል።

ለእነዚህ ሰዎች ሊያስተምሯቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ። ፍራሽ አይጎተትም፤ ሲጎተት የታችኛው ልባሱ ይላጫል፣ ስፌቱም ይፈታል። ትልቁን ማረፊያ ፍራሽ አራት ሰው፣ ጉልበትን አጥፎ ወገብን ሳያጎብጥ፣ አንድ ላይ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብሎ ያነሣዋል። ፍራሾቹ ከተገጣጠሙ በኋላ አንድ ሰው ጫማውን አውልቆ መጋጠሚያውን ሁሉ በእግሩ እየረገጠ ይሂድ፤ እግር ሰርጎ የሚገባበት ክፍተት ካለ የአንዲት ልጅ ቁርጭምጭሚት እዚያ ውስጥ ይዞራል። የባሮቹን ገመድ የሚወጥረውና ከፍታቸውን የሚያስተካክለው አሰልጣኝ ብቻ ነው። ልጅ ስትገለበጥ መደገፍም እንዲሁ፤ ያልሠለጠነ እጅ በተሳሳተች ቅጽበት ሲገባ ልጅቷንም ደጋፊውንም ይጎዳል። ልጅ በአንገቷ ወይም በጭንቅላቷ ከወደቀች ማንም አያንሣት፣ አያስቀምጣት፤ ባለችበት ትቆይ፣ አሰልጣኝና የመጀመሪያ እርዳታ ሰጪው ይምጡ። ወላጅ ሆኖ ይህን መታገሥ ከባድ ስለሆነ አስቀድሞ መነገር አለበት።

ሙዚቃው በብዙ ትርኢትና ውድድር ላይ የሚያሳፍር ነገር ነው። እያንዳንዱን ፋይል በመውጫ ቁጥርና በልጅቷ ስም ይሰይሙት፤ በዋዜማው እያንዳንዱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አጫውተው ይስሙ፤ በሁለት ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጡት። የሚያጫውተው ስልክ ጥሪ እንዳይገባበት የበረራ ሁነታ ላይ ይሁን። ልጅ መሀል ወለል ላይ እጇን ዘርግታ ቆማ የስልክ ጥሪ ሲንጫረር መስማት የለባትም።

ነጥብ መዝጋቢዎች ደግሞ ማወቅ ያለባቸው ጥቂት ነው። በዓለም አቀፉ ደንብ ለአፈጻጸም የሚሰጠው ከ10 ነው፤ ትንሽ ስህተት 0.1፣ መካከለኛ 0.3፣ ትልቅ 0.5፣ መውደቅ ደግሞ ሙሉ 1 ነጥብ ያስቀንሳል። የሠራችው እንቅስቃሴ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ደግሞ በሌላ ነጥብ ተሰልቶ ይደመርበታል። የልጆች ደረጃዎች የራሳቸው ማስተካከያ ሊኖራቸው ስለሚችል ውድድሩ የሚመራበትን ደንብ ዋና ዳኛዋን ይጠይቁ። የመዝጋቢ ስህተት ብዙውን ጊዜ የአጻጻፍ ነው፤ 8.95 የተባለው 9.85 ሆኖ ይገባል። መዝጋቢው ከጻፈ በኋላ ለዳኛው ጮክ ብሎ መልሶ ያንብብ። ወላጅ መጥቶ «ለምን ይህን ሰጧት?» ካለ መዝጋቢው አይከራከርም፤ «በአሰልጣኟ በኩል ለዋና ዳኛ ይቅረብ» ይላል፣ በዚያው ይበቃዋል።

አንድ የማይዘለል ጉዳይ የልጆች ደኅንነት ነው። ትርኢቱንም ስልጠናውንም ማንም ይያዘው፣ አንድ አዋቂ ብቻውን ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይሆንም፤ ልብስ መቀየሪያም ቢሆን። ከልጆች ጋር በግል መልእክት አይጻጻፍም፤ መልእክት በወላጅ በኩል ያልፋል። ፎቶ የሚነሣው ወላጅ በጽሑፍ ከፈቀደ ብቻ ነው፤ ያልፈቀዱ ወላጆች ልጆችም ዝርዝራቸው ፎቶ አንሺው እጅ ላይ ይኑር። በ5 ቀኑ ስልጠና ላይ እያንዳንዷን ልጅ ማን ይወስዳት ዘንድ እንደተፈቀደለት፣ አለርጂ ወይም መድኃኒት ካላት፣ በአስቸኳይ የሚደወልበት ስልክ የሚገኝበት አንድ መዝገብ ይዘጋጅ። ይህን ባዶ ቅጽ አዘጋጅተው ለአዲሱ አስተባባሪ ቢሰጡት ስልጠናው ላይ ባይገኙም ትልቅ ውለታ ነው።

አሰልጣኟን ሜዳ ላይ መጣል የሚሆነው ዝም ካሉ ነው። መልስ ሳያገኝ የሚቆይ ሰው «እሺ» ብላለች ብሎ ያስባል፤ ቀኑ ሲደርስ ነው የሚነቃው። በዚህ ሳምንት፣ ልምምዱ ካለቀ በኋላ ልጆቹ ሲወጡ፣ ለ10 ደቂቃ ያናግሯት። ቃሉ ከጠፋብዎ እንዲህ ሊሉ ይችላሉ፦ «ያላንቺ አይሆንም ስላልሽኝ ደስ ብሎኛል፤ መተውም አልፈልግም። አራቱን ግን አልችልም። ውድድሩን እይዛለሁ፤ ልጄ የምትወዳደርበትን ክፍለ ጊዜ ግን ሌላ ሰው ይምራው። የደረጃ ፈተናው ውስጥ አልገባም። ለትርኢቱና ለስልጠናው በሁለት ሳምንት ውስጥ አብረን ሰው እንፈልግ፤ ያለኝን ዝርዝር ሁሉ እሰጣለሁ።» ልትከፋ ትችላለች፤ ጫናው የእሷም ነውና። ሐሳቧን እስክትሰበስብ ጊዜ ይስጧት እንጂ ደንግጠው ቃልዎን አይለውጡ።

ባለቤትዎ «ተዪው» ሲሉ ምን እያዩ እንደሆነ ጠይቀዋቸዋል? የሚያዩት ድካምዎን ሊሆን ይችላል፤ ቤት ውስጥ የጎደለ ሰዓትም ሊሆን ይችላል። ሁለቱ መልሳቸው አንድ አይደለም። ለአንድ ሳምንት ለክለቡ የሚያውሉትን ሰዓት፣ ስልክ ላይ የሚያጠፉትን ጨምረው፣ ወረቀት ላይ ያስፍሩትና አብራችሁ እዩት።

መጨረሻ ላይ ያስቀረነው ደብዳቤዎ ውስጥ በአንድ መስመር ያለፉትን ነው፤ «ሰው ስሜን ጠርቶ የሚፈልገኝ እዚያ ብቻ ነው» ያሉትን። እህታችን፣ ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ለልጅዎ ሲሉም መሥዋዕት ማድረግ የለብዎትም። ግን ልብ ይበሉ፤ አሁን ያ ቦታ የቆመው በልጅዎ ላይ ነው። ነገ እሷ «ጂምናስቲክ ሰለቸኝ» ብትል፣ በ11 ወይም በ12 ዓመት ይህን የሚሉ ልጆች ጥቂት አይደሉም፣ እርስዎም አብረው ይወጣሉ። ያንን ጫና ደግሞ ልጆች ሳይነገራቸው ይሸከሙታል። ስለዚህ የራስዎ የሆነ መቆሚያ ያብጁ። በብዙ አገር የጂምናስቲክ ፌዴሬሽኖች ለጀማሪ ዳኞችና ለረዳት አሰልጣኞች ኮርስ ይሰጣሉ፤ የመጀመሪያ እርዳታ ኮርስም ለክለቡ ትልቅ ሀብት ነው። የዳኝነቱን መንገድ ከመረጡ የሌሎች ክለቦችን ውድድር መዳኘት ይችላሉ፤ ልጅዎ ባለችበት ምድብ ላይ ግን አይቀመጡ። ምን እንደሚስብዎ ያስቡበት፦ ሰው ማደራጀት? ቁጥርና መዝገብ? ወይስ ስፖርቱ ራሱ?

እስከዚያው በሚቀጥለው ልምምድ ልጅዎን በር ላይ ያድርሷትና፣ የመረጠችው እሱን ከሆነ፣ ዞር ሳይሉ ይሂዱ። ስትወጣ «ካርትዊሉ እንዴት ሆነ?» አይበሏት። የውኃ ኮዳዋን ይቀበሏት፣ ያገኘችውን ታውራ፤ ስለ ቢሙ ራሷ ካነሣች ብቻ ይስሟት። ውድድሩ ካለፈ በኋላ እንዴት እንደሆነላችሁ ቢጽፉልን ደስ ይለናል።